ዋስ የተጠራበት ላፕቶፕ

ላፕቶፑ የመጣበትን ወር በተመለከተ ሁለት ምስክሮች አሉ፤ ሁለቱ ግን አይስማሙም። እኔ የማስታውሰው በመጋቢት፣ ጾሙ ሳይፈታ እንደነበር ነው። ታላቅ እህቴ ግን «ዕቃው የመጣ ዕለት ዶሮ በልተናል» ብላ ትከራከራለች፤ ዶሮ ከተበላ ደግሞ ፋሲካ አልፏል ማለት ነው። የእህቴ ትዝታ በምግብ ላይ የቆመ በመሆኑ ከእኔው የጸና ይመስለኛል። እኔ ይህን ታሪክ ለብዙ ሰው፣ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት እያሳመርሁ ስላወራሁት፣ የሆነውን ካሳመርሁት መለየት የሚያስቸግረኝ ጊዜ አለ። ያልተለወጠው ጭንቀቱ ነው። እሱን በሚገባ አስታውሰዋለሁ።

በዚያ ዘመን ፍኖተ ሰላም ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ባለሙያ ነበርሁ። ክረምት ክረምት ደግሞ የማስተርስ ትምህርት እከታተል ነበር። ኮርሶቹን ጨርሼ የመመረቂያ ጽሑፉ ብቻ ቀርቶኛል። የማጠናው በቆጋ መስኖ ያሉ ገበሬዎች በማኅበራቸው አማካይነት ውኃን በተራ እንዴት እንደሚከፋፈሉ፣ ተራ ሲጣስም እንዴት እንደሚዳኙ ነበር። ገበሬዎቹን ያነጋገርሁባቸው መጠይቆች በሁለት ማዳበሪያ ከረጢት ሞልተው አልጋዬ ሥር ተቀምጠዋል። ያለፈው ዓመት ቀነ ገደብ አልፎብኝ አንድ ጊዜ ተራዝሞልኛል። ሁለተኛ እንደማይራዘም፣ እስከ ሰኔ መጀመሪያ ካላስገባሁ ከትምህርቱ እንደምሰናበት በደብዳቤ ተነግሮኛል። ሦስት ክረምት የተማርሁት እንዳልተማርሁት ሊሆን ነው።

የሚጻፍበት መሣሪያ ግን አልነበረኝም። በቢሯችን አራት ባለሙያዎች የምንጋራው አንድ ኮምፒዩተር አለ። በዚያ ዘመን ከሥራው ይልቅ የሥራው ሪፖርት ይበዛ ስለነበር፣ የአንድ ለአምስቱ ሪፖርት ሲያልቅ የሳምንቱ፣ የሳምንቱ ሲያልቅ የወሩ ይመጣል። እንደምንም ተሻምቼ የጻፍሁትን ሁለተኛ ምዕራፍ በፍላሽ ይዤ ስመላለስ ቫይረስ ገባበትና ፋይሉ ሁሉ አልከፈትም አለኝ። ያን ዕለት የራሴ ላፕቶፕ ሊኖረኝ እንደሚገባ ወሰንሁ። መብራት በሳምንት ውስጥ ከሚኖርበት የማይኖርበት ቀን የሚበዛበት ጊዜ ስለነበር፣ ከሁሉ በላይ የምፈልገው ባትሪው የሚቆይ ላፕቶፕ ነበር።

በከተማዋ ላፕቶፕ የሚሸጡ ሁለት ሱቆች ነበሩ። አዲሱ ከአቅሜ በላይ ነው፤ በአቅሜ ያለው ደግሞ ሲነኩት የሚንቋቋ ላስቲክ ነው። ስለዚህ ፊቴን ወደ ኢንተርኔት አዞርሁ። ያገለገሉ ዕቃዎች ፎቶ፣ ዋጋና ስልክ ተያይዞ የሚወጣበት የሽያጭ ገጽ እንዳለ ሰምቻለሁ። ከመናኸሪያው አጠገብ ካለው ኢንተርኔት ቤት ከሥራ በኋላ እየሄድሁ፣ ገጹ እስኪከፈት ሻይ እየጠጣሁ፣ የማገኘውን ሁሉ በማስታወሻ ደብተር እገለብጥ ጀመር። ራም፣ ሃርድ ዲስክ፣ ፕሮሰሰር፣ የስክሪን ስፋት፤ በግራ የላፕቶፑን ዓይነት፣ በቀኝ ጉድለቱን እጽፋለሁ። የቤቱ ባለቤት ምላሷ የማያርፍ ወጣት ሴት ነበረች።

«ጋሼ፣ ዛሬም ሊያጩ መጡ?» ትለኛለች ገና ከበሩ።

«ገና እያጠናሁ ነው።»

«ኧረ ሚስት እንኳ እንዲህ አይጠናም! እርስዎ ሲያጠኑ ሌላው ያገባታል።»

ትንቢት እየተናገረች መሆኗን እኔም እሷም አላወቅንም።

አባቴ በአገሩ በሬ በመምረጥ የታወቀ ሰው ነው። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ካለች ቀበሌ ገበያ ወጥቶ እኔ ዘንድ ሲያርፍ፣ ደብተሬን ዘርግቼ ነገሩን አስረዳሁት። በጥሞና ሰማኝ።

«የተሠራበት ነው ወይስ ያልተገራ?» አለ።

«የተሠራበት ነው፣ አባባ። ያልተሠራበት ውድ ነው።»

«ደግ። የተገራ ይሻላል። ጥርሱስ?»

«ጥርስ የለውም፤ ትውልድ ይሉታል። ይኸኛው ሦስተኛ ትውልድ ነው።»

«አያቱ ይታወቃል ማለት ነዋ» አለና ራሱን በአክብሮት ነቀነቀ። ከዚያ ለበሬም ለላፕቶፕም ይሆናል ያለውን ምክር ሰጠኝ። የወደድኸውን አታወድስ። ቀንዱ ተጣመመ፣ ሻኛው ጎበጠ፣ ጎኑ ከሳ በል። ዋጋህን አንዴ ተናገርና ጀርባህን ሰጥተህ ሂድ። ሦስት ርምጃ ሳትሄድ ይጠራሃል።

ይህ ምክር በከብት ተራ ሲሠራ ከልጅነቴ ጀምሮ ስላየሁ አንዳች አልተጠራጠርሁም። በሚቀጥለው ቀን፣ ለሁለት ሳምንት ካጠናኋቸው ሁሉ ልቤ ላረፈበት ላፕቶፕ ባለቤት እንዲህ የሚል መልእክት ጻፍሁ። ቃሉን ቃል በቃል አስታውሳለሁ ብዬ ልምል አልችልም፤ ይዘቱ ግን ይህ ነበር፦ ቀለሙ የደበዘዘ ይመስላል፤ የቁልፎቹ ፊደላት ተፍቀዋል፤ ማጠፊያው የላላ ሳይሆን አይቀርም፤ ለእንዲህ ያለ ዕቃ የጠየቁት ዋጋ እጅግ የበዛ ነው። ጨምሬም ልከፍል የምችለውን ጻፍሁና ከኢንተርኔት ቤቱ ወጣሁ። በከብት ተራ ጀርባን መስጠት ሦስት ርምጃ ከሆነ፣ በኢንተርኔት ሦስት ቀን ይሆናል ብዬ አሰላሁ። ለሦስት ቀን በዚያ በኩል እንኳ አላለፍሁም። ልቤ ግን እዚያው ነበር።

በአራተኛው ቀን መልስ አገኘሁ። «ጋሼ፣ ስለ አስተያየትዎ ከልብ አመሰግናለሁ። ያሉት ሁሉ ትክክል ስለሆነ ዋጋውን ቀንሼ ለሌላ ሰው ሸጥሁት።»

የቤቱ ባለቤት ከትከሻዬ በላይ አነበበች። ሳቋን ለመያዝ ሞከረች፤ አልቻለችም። «ጋሼ፣ አሁንስ ለሌላ ሰው መደራደር ጀመሩ!» ብላ ወንበሯ ላይ ተደፋች። እኔም ሳቅሁ፤ ውስጤ ግን ቀን እየቆጠረ ነበር። ሁለቱ ከረጢት ሳይከፈቱ ሌላ ሳምንት አልፏል።

ለአባቴ በስልክ ነገርሁት። «ጀርባህን ሰጠኸው?»

«ሰጠሁት፣ አባባ። ሦስት ቀን ሙሉ።»

«ማን አየው?»

ጀርባ መስጠት የሚጠቅመው ጀርባን የሚያይ ሲኖር ነው። ሻጩ ከመልእክቱ በስተቀር ያየው ነገር አልነበረም፤ መልእክቱንም እንደ እውነት ወሰደው። አባቴ ግን በተሳሳተ ምክሩ አላፈረም። «ጊዜ ካነሰህ አትሩጥ፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አለኝ። «ዕቃውን የማታየው ከሆነ ሰውየውን እይ። ሰውየውንም የማታየው ከሆነ ዋስ ጥራ በለው።»

አሁን እዚህ ላይ ትዝታዬን እጠራጠራለሁ። ለብዙ ዓመታት ይህን ታሪክ ስናገር ዋስ የመጥራቱን ሐሳብ ያመጣሁት እኔ ነኝ ብዬ ስናገር ኖሬያለሁ። ልጽፈው ስቀመጥ ግን የሚሰማኝ የአባቴ ድምፅ ነው። ስለዚህ ለእሱ ሰጥቼዋለሁ። የአገራችን ልማድም ነው፤ በከብት ተራ የማያውቁትን ሰው በሬ የሚገዛ፣ በሬው የተሰረቀ እንዳይሆን፣ ቀንበር ሲጭኑበትም እንዳይለግም፣ ሻጩን ዋስ ያስጠራል። ዋስ የሌለው ሻጭ በሬው የቱንም ያህል ቢያምር ይዞት ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ሁለተኛው ላፕቶፕ ጥቁር፣ ወፍራም፣ መልኩ የማያምር ነበር። ሻጩ አዲስ አበባ ነው ያለው። ማስታወቂያው «ስክሪኑ ንጹሕ፣ ፍጥነቱ አስተማማኝ፣ ባትሪው አዲስ» ይላል። ደወልሁ። ገንዘቡን በባንክ እንዳስገባ፣ እሱም በማግሥቱ በአውቶቡስ እንደሚጭንልኝ ነገረኝ።

«መልካም። ነገር ግን ዋስ ይጥሩልኝ» አልሁት።

«ምን ልጥራ?»

«ዋስ። ዕቃው ካልመጣ ወይም እንዳሉት ካልሆነ የምጠይቀው ሰው።»

ሳቁ ረዘመ። ከዚያ ድምፁ ተለወጠ። «ጋሼ፣ የት ሆነው ነው የሚደውሉት?»

«ፍኖተ ሰላም።»

«ገባኝ! ዋስ ጥራ ሲሉኝ ነው ያወቅሁ። እኔ'ኮ የቡሬ ልጅ ነኝ። እናቴ ቡሬ ገበያ በርበሬ ትሸጣለች፤ እሷን ጠርቻለሁ። ሄደው ይጠይቋት።»

ለማለት ያህል ያለው ይመስለኛል። ማን ነው ለላፕቶፕ ቡሬ ድረስ የሚሄደው? አባቴ ግን በገበያው ቀን ከጠዋቱ ጋቢውን አጣፍቶ፣ ዱላውን ይዞ መንገድ ዳር ቆሞ ጠበቀኝ። በሚኒባስ ተሳፍረን ሄድን።

የቡሬን የበርበሬ ተራ የማያውቅ ሰው ከሩቅ በአፍንጫው ያገኘዋል። ቀዩ ዛላ በየጆንያው አፍ ተቆልሎ፣ ነጋዴው ሁሉ አፉን በነጠላ ሸፍኖ ይነጋገራል። ሴትዮዋን በልጃቸው ስም ጠይቀን አገኘናቸው፤ ከጎናቸው ካለች ነጋዴ ጋር በአዊኛ እያወሩ ዛላ ይለቅማሉ። አባቴ ዱላውን አስደግፎ፣ ለዋስ ጉዳይ እንደሚገባው በክብር ቆመና ገና አፉን ከመክፈቱ አስነጠሰው።

«ይማርዎ» አሉ ሴትዮዋ። «በርበሬ ነው?»

«እግዜር ይስጥልኝ። በርበሬስ አይደለም፣ እሜቴ። እንደምን ሰነበቱ? ልጅዎ ለልጄ ዕቃ ሊሸጥ ነው። ዋስ ጥራ ብንለው እርስዎን...» አስነጠሰው፤ «...እርስዎን ጠራ።»

«እኔን? ሳይነግረኝ?»

«ሳይነግርዎ።»

«የምን ዕቃ ነው?»

«ኮምፒዩተር ነው። የሚታጠፈው።»

ሴትዮዋ የያዙትን ዛላ ወደ ጆንያው ጣሉና ወደ እኔ ዞሩ። «ሲሸጥልህ ምን ብሎ ነው? እንዳለው ንገረኝ፤ አትጨምር አትቀንስ።»

ደብተሬን አውጥቼ አነበብሁላቸው። «ባትሪው አዲስ» ከሚለው ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሡ።

«ቆይ። እዚያ ላይ ቆይ። ልጄ ሌባ አይደለም። ገንዘብህን በልቶ አይቀርም፤ ለዚህ ዋስ ነኝ፣ ይህን ጆንያም ያዙብኝ። ባትሪው አዲስ ነው ላለው ግን ዋስ አልሆንም።»

«ምነው እሜቴ?» አለ አባቴ።

«ያደገው እዚህ ተራ ላይ ነዋ! የዓምናውን በርበሬ ከዘንድሮው ቀላቅሎ 'አዲስ ነው' ሲል ስንት ጊዜ በዚህ ጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። ስንት ጊዜስ በኩርኩም ብዬዋለሁ።»

ጎረቤታቸው በነጠላዋ ውስጥ ሳቀች። ሴትዮዋ ግን አልሳቁም። ከመቀነታቸው ስልክ አውጥተው ልጃቸው ጋር ደወሉ። በመጀመሪያ በአዊኛ ተናገሩት፤ ቃሉን ባላውቅም ቁጣውን አውቄዋለሁ። ከዚያ እኛም እንድንሰማ ብለው ሳይሆን አይቀርም፣ በአማርኛ ጠየቁት።

«ባትሪው የዓምና ነው የዘንድሮ?»

ከዚያ ወዲያ አዳመጡ። አባቴም ማስነጠሱን በመዳፉ አፍኖ ጠበቀ። እኔ በበርበሬ ክምር መካከል ቆሜ የሦስት ክረምት ልፋቴ በአንዲት የማላውቃት ሴት ጆሮ ውስጥ ሲፈረድበት ተሰማኝ።

«የዓምና ነው» አሉ ስልኩን ከጆሯቸው ሳያወርዱ። «አንድ ሰዓት ተኩል ይቆያል ይላል። ሌላ ትርፍ ባትሪም አለኝ፣ እሱም የዓምና ነው፤ ሁለቱን እልክለታለሁ ይላል።»

«በዚያው ዋጋ?» አለ አባቴ።

«በዚያው ዋጋ። በአንድ ዘንድሮ ፈንታ ሁለት ዓምና። ለዚህኛው ዋስ ነኝ።»

አባቴ ወደ እኔ ተመለከተ። ግዛ ወይም አትግዛ አላለም፤ ፍርዱን ለእኔ ተወው። እኔም በዚያች ደቂቃ፣ ካጠናኋቸው የራምና የፕሮሰሰር ቁጥሮች አንዱንም ሳልቆጥር ወሰንሁ። ለሁለት ሳምንት ደብተር ሙሉ የጻፍሁት ስለ ዕቃዎች ነበር፤ ከዚያ ሁሉ መረጃ ግን እውነት መሆኑን ያረጋገጥሁት ይህን አንዱን ብቻ ነው፦ ባትሪው አሮጌ ነው፣ ሁለት ነው፣ ይህንም የነገረችኝ በገዛ ልጇ ላይ የፈረደች ሴት ናት። አዲስ ነው ከተባለ ከማላውቀው ይልቅ አሮጌ ነው ከተባለ የማውቀው ይበልጥብኛል። «እገዛዋለሁ» አልሁ። አባቴም ሦስት ጊዜ አስነጠሰ።

ዕቃው በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ በአውቶቡስ መጣ። በስፖንጅ ተጠቅልሎ፣ ካርቶኑ በሲባጎ ታስሮ ነበር። እህቴ ዶሮ ሠርታ ነበር ትላለች፤ እኔ የማስታውሰው ክዳኑን ስከፍት የስክሪኑ ብርሃን አባቴ ፊት ላይ ሲያርፍ ነው። በሬ ሲመረምር እንደሚያደርገው ዙሪያውን አየው፣ ማጠፊያውን ነካካ፣ ሆዱን ገልብጦ አየ። ባትሪዎቹን በሰዓት ለካናቸው። አንደኛው ሴትዮዋ ዋስ ከሆኑበት ጥቂት ደቂቃ አነሰ፤ ሁለተኛው ጥቂት አለፈ። አባቴ «ጥማድ ናቸው» አለ፤ አንዱ ቢደክም ሌላው ይስባል ማለቱ ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት በትዝታዬ ውስጥ ተደበላልቀዋል። በግልጽ የቀረልኝ የሥራው ሥርዓት ነው። ባትሪው እንደማይቆይ አስቀድሜ ስላወቅሁ፣ ላፕቶፑን የምከፍተው የምጽፈውን በወረቀት ላይ አስቤ ከጨረስሁ በኋላ ብቻ ነበር። አንድ ሰዓት ተኩል ለሚያመነታ ሰው አጭር ነው፤ የሚለውን ለሚያውቅ ግን ይበቃል። ባለ ረጅም ባትሪ ላፕቶፕ ኖሮኝ ቢሆን ስክሪኑ ፊት ተቀምጬ በርካታ ሰዓት አጠፋ እንደነበር አልጠራጠርም። አንድ ገጽ ለመጻፍ ግማሽ ቀን እፈጅ የነበርሁት ሰው፣ በአንድ ባትሪ ሦስት ገጽ መጻፍ ተማርሁ።

መብራት ለሁለትና ለሦስት ቀን ሲጠፋ ሁለቱን ባትሪዎች ይዤ በጋሪ ወደ ከተማው ዳር እሄዳለሁ። እዚያ በነዳጅ ሞተር የሚሠራ የወፍጮ ቤት ነበር። ባለቤቱ ጄኔሬተሩ ላይ እንድሰካ ፈቅዶልኛል። እህል ይዘው የሚጠብቁ ሴቶች መካከል ድንጋይ ላይ ተቀምጬ መጠይቆቼን እለቃቅማለሁ።

«አንተ መምህር፣ ያንተስ ምን ሆኖ ይወጣል? ደቃቅ ነው ሸካራ?» አለችኝ አንዷ።

«ገና አልተበጠረም» አልኋት።

«እንግዲያ ተራህን ጠብቅ» አለችና ሁሉም ሳቁ። እኔ ግን ቃሏን ከመጠይቆቹ ጠርዝ ላይ ጻፍሁት፤ ስለ ውኃ ተራ የምጽፈው ሰው፣ ተራ መጠበቅ ምን እንደሆነ ያወቅሁት እዚያ ነበር። ከወፍጮ ቤት ስመለስ ላፕቶፑ በዱቄት ነጥቶ፣ በቁልፎቹ መካከል የጤፍና የበቆሎ ደቃቅ ገብቶ ነበር። እንዲያም ሆኖ አንድም ቀን አልለገመም።

የመጨረሻውን ሠንጠረዥ የጨረስሁት በቀነ ገደቡ ዋዜማ ከቀትር በፊት ነው። መብራት አልነበረም። የመጀመሪያው ባትሪ አልቆ ሁለተኛውን ገጥሜያለሁ። የምንጮች ዝርዝሩን ስጨርስ በስክሪኑ ጥግ ላይ ሰባት በመቶ የሚል ቁጥር እንደነበር አስታውሳለሁ፤ እህቴ በዚያው ዕለት በስልክ አራት ብለኸኛል ትላለች። ፋይሉን በሁለት ፍላሽ ገለበጥሁና ወደ ባሕር ዳር በሚሄድ አውቶቡስ ተሳፈርሁ። በቡሬ ሳልፍ የገበያ ቀን አልነበረም። መራዊን አልፈን የቆጋ ማሳዎች ሲታዩ፣ ስለ እነሱ የጻፍሁት ጉልበቴ ላይ በሁለት ትንንሽ ፍላሾች ውስጥ ተቀምጧል።

በማግሥቱ ጠዋት አሳትሜ፣ አስጠርዤ ሦስቱን ቅጂ ወደ ጽሕፈት ቤቱ አቀረብሁ። የተቀበሉኝ ወይዘሮ ገጾቹን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው፣ የአማካሪዬን ፊርማ አይተው፣ ቀኑን ከግድግዳው ካላንደር ጋር አመሳከሩና ማኅተሙን መቱ። «ሰዓቱ ደረሰልህ» አሉኝ፤ ሌላ የተናገሩት ነገር ካለ አልሰማሁም።

ከግቢው ወጥቼ ለአባቴ ደወልሁ። ከኋላው ጅራፍ ሲጮህ፣ ሰው ከበሬ ጋር ሲነጋገር ይሰማል።

«ተቀበሉህ?»

«ተቀበሉኝ፣ አባባ።»

«እሰይ። እሰይ ልጄ።» ድምፁን ወደ በሬዎቹ አዙሮ አንድ ነገር ጮኸባቸውና ተመለሰ። «በል እንግዲያ ነገ ተነሥተህ ና። እዚህ ትናንት ጥሩ ዝናብ ጥሏል፤ በቆሎውን የሚዘራ እጅ አንሶኛል።»